ቡሌ ላይ ቲማቲም ለማብቀል ለቆረጡ የቀረበ ምክር

ቡሌ ላይ ቲማቲም መትከል በሕግ አልተከለከለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዳይደናገጡ ብዬ ነው፤ ችግኝ ይዘው ወደ ጓሮ ሲገቡ ጎረቤት የሚያይዎት አስተያየት ወንጀል ሲሠሩ እጅ ከፍንጅ የተያዙ ያስመስልዎታልና። ብልህ ሰው ቡሌ ላይ እንሰት ይተክላል፣ ገብስ ይዘራል፣ ባቄላ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ያለማል። ቲማቲም ሲያምረው ከታች አገር በአይሱዙ ተጭኖ ሽቅብ የመጣውን ከገበያ ይገዛል፤ በቃሪያና በሽንኩርት ከትፎ፣ ቆጮውን አቅርቦ፣ በልቶ ይተኛል። ይህ ምክር ለእሱ አይደለም። «ለምን አይበቅልም?» ብለው እንቅልፍ ላጡት ለእርስዎ ነው።

ከሁሉ በፊት ጠላትዎን ይወቁ። ጠላትዎ ከፍታ ነው። ቡሌ ያለችበት የጌዴኦ ዞን ከአባያ ሐይቅ አጠገብ ከ1,300 ሜትር ግድም ይነሣና ሐሮ ወላቡ ላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዲላ 1,570 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች፤ የቡሌ ደጋ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። መቶ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ዲላ መናኸሪያ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ቡሌ ሲወርድ ስድስት ዲግሪ ገደማ ሙቀት መንገድ ላይ ጥሎ መጥቷል። እሱ ጃኬት ይዋሳል፤ ቲማቲም ግን ጃኬት የለውም። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ እድገቱ ራሱ ይቆማል። ውርጭ ካገኘው ማለዳ የሚጠብቅዎት የጠቆረና የተልፈሰፈሰ ቅጠል ነው። የአገራችን የግብርና መመሪያዎች ቲማቲም ከ700 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ቦታ ይስማማዋል ይላሉ። ከዚያ በላይ ስለሚኖር ሰው አንዳች አይናገሩም፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ይቁጠሩት።

ቲማቲሙ ራሱ «ደጋ አልለመድኩም» ብሎ ቢያለቅስብዎት አይመኑት። የዘመዶቹ አገር በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው፤ እስከ ዛሬ ከ3,000 ሜትር በላይ ብርዱን ችሎ የሚኖር የዱር ዘመድ አለው። የእኛው ቲማቲም ወደ ሜክሲኮ ወርዶ በሰው እጅ እንክብካቤ አግኝቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው አመሉ የተበላሸው። የእርስዎ ሥራ የትውልድ አገሩን ማስታወስ ነው።

ቀጥሎ ዘር ነው። የግብርና ግብዓት መደብር ሲገቡ በፓኬቱ ላይ የታተመው ፎቶ ምራቅ ያስውጣል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ገደሉ ፓኬቱ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ ድቅል። ድቅል ዘር ከሁለት የተለያዩ ወላጆች ስለተገኘ የመጀመሪያ ዓመት ምርቱ ያማረ ነው። የዚያን ፍሬ ዘር ይዘው መልሰው ሲዘሩ ግን ልጆቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ወደ አያቱ፣ ሌላው ወደ አክስቱ ያደላል፤ እርስዎም በየዓመቱ ወደ መደብሩ ይመለሳሉ። ነባር ዘር እንደዚህ አያደርግም። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ዘሩ የረጋ ከሆነ ልጅ እናቱን ይመስላል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላና መልካሳልሳ ዘራቸውን ይዘው መልሰው ሊዘሯቸው የሚችሉ ጨዋ ዝርያዎች ናቸው። ችግራቸው መልካሳ 1,550 ሜትር ላይ፣ ሞቃት አገር መሆኗ ብቻ ነው፤ ቡሌ ሲደርሱ እንግዳ ናቸው።

ብርድ ይችላሉ የተባሉ የፈረንጅ ዘሮችም አሉ። ስቱፒትሴ የሚሉት የቼክ አገር ነው፤ ቅጠሉ የድንች ቅጠል ይመስላል፤ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ቶሎ ይደርሳል። ሰብ አርክቲክ ፕሌንቲ የተባለው ደግሞ ከካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ቢቨርሎጅ ከሚገኝ የምርምር ጣቢያ የወጣ ነው። ካናዳ ያለች የእህትዎ ልጅ «ልላክልዎት» ካለችዎት ካልሲ ውስጥ ደብቃ እንዳትልክ ይምከሯት። ዘር ወደ አገር ሲገባ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ጥያቄውም የቢሮ ምቀኝነት አይደለም። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው ቲማቲም አጥፊ የእሳት እራት ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ስትገባ ምስክር ወረቀት የጠየቃት አልነበረም፤ ዋጋውንም የስምጥ ሸለቆ ገበሬ እየከፈለ ነው። እርስዎን የሚያጽናናዎት፣ እሷም ሙቀት ወዳድ መሆኗ ነው፤ ብርድ ልጆቿን ያዘገይባታል። ቡሌ ላይ ቲማቲም የሚተክል ሰው ከሚያገኛቸው ጥቂት ደስታዎች አንዱ ይህ ነውና አጣጥመው ይደሰቱ።

እኔ የምመክርዎት ዘር ግን ፓኬትም ዋጋም የለውም። ዲላ ወይም ወናጎ ሲወርዱ የሰው ደጅ እያዩ ይሂዱ። ማድ ቤት ጀርባ፣ ዕቃ የታጠበበት ውሃ በሚፈስበት፣ ቆሻሻ በሚደፋበት ጥግ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ወፍ ዘራሽ ቲማቲም አይጠፋም። ያልኮተኮቱት፣ ያልረጩት፣ ዶሮ የጫረውና ልጅ የረገጠው፣ ሆኖም ቀጥ ብሎ የሚያፈራ ነው። ፍሬው ጥቃቅን ነው፤ አይናቁት፤ ትንሽ ፍሬ ብዙ ሙቀት ሳይፈልግ ቶሎ ይቀላል። ባለቤቷን አስፈቅደው ሁለት ሦስት ፍሬ ይውሰዱ። «ይሄን ምን ያደርጉታል?» ካለችዎት «ለመድኃኒት» ብለው አይዋሹ፤ ለዘር መሆኑን ይንገሯት። ይበልጥ ትስቃለች፤ ግን ትሰጥዎታለች። ከአንድ ቤት ብቻም አይውሰዱ። ሁሉም ችግኞችዎ መንትያ ከሆኑ ውርጭ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይሞታሉ፤ የሚመርጡትም አይኖርዎትም። ከአራት ከአምስት ጓሮ ሰብስበው ይቀላቅሉ። ሽቅብ በወጡ ቁጥር ያገኙት ዘር የበለጠ ይከበር፤ ከዲላው ይልቅ ወደ ቡሌ ዳገቱ ላይ የተገኘው ይበልጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመስከረም ዘሩን ዘርተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡ። ለመደብ የሚሆንዎት ወገቡ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፤ ከታች በሚስማር ይበሱት፤ ጥሩ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ይሙሉት። ሌሊት ምድጃ አጠገብ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። የቤት ሰው ሁሉ ምድጃው አጠገብ መቀመጫ ሲሻማ ለቲማቲም ቦታ ማስለቀቅ ትንሽ ጭቅጭቅ ያስነሣል፤ ይታገሡ። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆንና ዝናቡ በኅዳር ሲቀል ወደ ውጭ ያውጡት። ሲተክሉት ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፤ ሥር የበዛለት ይበረታል።

ቦታ ሲመርጡ ሰማዩን ይዩ። ቡሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስድስት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። የማድ ቤትዎ የደቡብ ግድግዳ በእነዚህ ወራት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ከውስጥም እሳት አለው። ከዚያ የተሻለ ቦታ ቡሌ ውስጥ የለም። ከሥሩ አጠገብ ሁለት ሦስት ጀሪካን ውሃ ሞልተው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው ይደርድሩ፤ ውሃው ቀን የሞቀውን ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። እንግዳ ሲመጣ «ውሃ ጠፍቶ ነው?» ይልዎታል፤ «አይ፣ ለቲማቲሙ ማሞቂያ ነው» ብለው ከማስረዳት «አዎ፣ ጠፍቶ ነው» ማለት ይቀልላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲበዛ ውርጭ ሊወርድ ነውና ማታ በኮባ ወይም በፕላስቲክ ያልብሱት፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ይግለጡለት። አመድ ሥሩ ላይ ጥቂት ይበትኑ፤ ዝናብ የበዛበት የደጋ አፈር ወደ አሲድ ስለሚያደላ ያለዝበዋል። ፍግ ግን በልክ ይሁን፤ ሲበዛ ጎረቤት የሚቀናበት ቅጠል ይሰጥዎታል፤ ፍሬ ግን የለውም።

ዝናብ ድንገት ቢመለስ ምች ይመጣል። ይህን ምች ዳማከሴ ጨምቀው አያባርሩትም። በቅዝቃዜና በእርጥበት የሚሰራጭ፣ ቲማቲምንና ድንችን በአንድ ላይ የሚፈጅ በሽታ ነው፤ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ማሳ ባጠፋ ጊዜ፣ ተከትሎት በመጣው ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ስለዚህ ቲማቲምዎን ከድንች ማሳ ያርቁ። ከላዩ በቀርከሃ የቆመ የፕላስቲክ ጣራ ያድርጉለት። ውሃ ከሥሩ እንጂ ከአናቱ አያጠጡት። የታችኞቹን ቅጠሎች መሬት እንዳይነኩ ይቁረጡ። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ ካዩ ያንን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉ። «የሚያሳዝን ነው፣ ይቆይ» የሚል ሰው ለቲማቲም አልተፈጠረም።

አበባው ሲመጣ ክብርዎን ለጥቂት ሳምንት ወደ ጎን ያድርጉት። የቲማቲም ብናኝ በአበባው ውስጥ በጠባብ ቱቦ የተዘጋ ነው፤ የማር ንብ አታስወጣውም፤ በበረራ ጡንቻዋ ንዝረት አበባውን የምታንቀጠቅጥ ትልቋ እንጨት በሳ ንብ ታስወጣዋለች። እሷ ካልመጣች የእሷን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ የአበባውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ቶሎ ቶሎ ይነቅንቁ። ከአበባው ሥር ጥፍርዎን ቢደቅኑ ደቃቅ ቢጫ ዱቄት ሲያርፍበት ያያሉ፤ የዓመቱ ምርትዎ ያ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ጎረቤትዎ በአጥር ላይ አንገቷን ታወጣለች።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት? ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«በርዶት ነው» ይበሉ፤ ውሸት አይደለም።

«ታዲያ ጋቢ አያለብሱትም?»

«ማታ አለብሰዋለሁ።»

ይህም ውሸት አይደለም። የመንደሩ ወሬ ከዚህ በኋላ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ እርስዎ ወደሚቀጥለው አበባ ይለፉ።

ፍሬ ሲቋጠር ደግሞ አይቸኩሉ። ቲማቲም የሚቀላው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ገደማ ሲያገኝ ነው፤ ቡሌ ላይ ይህ ሙቀት በእኩለ ቀን መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። አረንጓዴው ፍሬ ነጣ ብሎ ትከሻው ሲያብረቀርቅ ይቁረጡትና በደረቅ ኮባ ጠቅልለው፣ አንድ የበሰለ ሙዝ መሃል አድርገው፣ ከምድጃው ራቅ ያለ ሞቃት ቦታ ያስቀምጡት። ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ቲማቲሙን ያበስለዋል። ሙዝ የእንሰት የሥጋ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ቡሌ ላይ ቲማቲም የበሰለው በእንሰት ቤተሰብ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነው ማለት ነው። «ተክሉ ላይ ነው የቀላው» ብለው አይፎክሩ፤ ማንም አያምንዎትም።

እንሰትን ካነሣን፣ ጓሮዎ ዳር ዝም ብሎ የቆመውን እንሰት እስቲ ልብ ብለው ያስተውሉት። ጀሪካን አልጠየቀም፤ ጣራ አልፈለገም፤ ማታ ማታ አላለበሱትም። ይህ ትዕቢት ከሰማይ የወረደለት ግን አይደለም። የጌዴኦ ሰው ከእንሰቱ መካከል የቀዝቃዛ ቦታውን፣ የበሽታ ቻዩን፣ ቆጮው የሚጣፍጠውን እየለየ፣ ለእያንዳንዱ ስም እየሰጠ፣ ምርጡን እያባዛ ከጎረቤት ሲለዋወጥ የኖረበት ዘመን ብዙ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከነእንሰቱ፣ ከነቡናው፣ ከነአገር በቀል ዛፉ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የመረመሩት ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ላወጡት ጥናት «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» የሚል ርዕስ ሰጥተውታል፤ የጥያቄ ምልክቱ የእሳቸው ነው። አምስት ሺህ ዓመት የጥያቄ ምልክት ከተደረገበት፣ በእርስዎ የአንድ ዓመት ቲማቲም ላይ ስንት የጥያቄ ምልክት እንደሚደረደር ይገምቱና ትሑት ይሁኑ።

ለዚህ ነው የምክሬ ሁሉ ራስ ይህ የሆነው፦ ብርድ የሚችል ዘር የሚገዛ ሳይሆን ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ነው። ከተከሉት ውስጥ የሚበዛው ይሞታል። አይዘኑ፤ የሞቱት ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ የማይሆኑ መሆናቸውን ነግረውዎታል። ከተረፉት መካከል አስቀድሞ የቀላውን፣ ከውርጩ በኋላ ቅጠሉ ንጹሕ የሆነውን ተክል ቀይ ክር አስረው ይለዩት። ሲመርጡ ተክሉን እንጂ ፍሬውን አይዩ፤ ከሞተ ተክል ላይ የተገኘ አንድ ውብ ፍሬ ለሰላጣ እንጂ ለዘር አይሆንም። ክር የታሰረበትን ማንም እንዳይበላ ቤተሰቡን ያስጠንቅቁ፤ በተለይ በጾም ወቅት ስልስ የሚሠራውን ሰው።

ዘሩን ሲይዙ ፍሬውን ከፍለው ከነዝልግልግ ፈሳሹ ብርጭቆ ውስጥ ይጭመቁት። ዝልግልጉ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግድ ስለሆነ መፍላት አለበት። ሞቃት አገር ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ ቡሌ ላይ ምድጃ አጠገብም ቢሆን አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። ላዩ ነጭ አረፋ ሲይዝና ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ያጥቡት፤ ጥሩው ዘር ይዘቅጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። ወረቀት ላይ ቢያሰጡት ይጣበቃልና ሳህን ላይ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የቲማቲም ዘር ከአራት ዓመት በላይ ይቆያል። ቀዝቃዛ ቦታ ቡሌ ውስጥ በነፃ ነው፤ ፍሪጅ አይግዙ። ፖስታው ላይ ዓመቱንና የተረፈበትን ጓሮ ይጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ይዝሩ፤ ከተረፈው እንደገና ይምረጡ፤ እንዲህ እያሉ ይቀጥሉ። የኢትዮጵያን የዕፅዋት ዘር ባንክ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት፣ ዘር በማቀዝቀዣ ከመከማቸቱ ሌላ በገበሬው ማሳ እየተዘራና እየተመረጠ መኖር አለበት ብለው ስለሠሩ ነው። የእርስዎ የሃይላንድ ፕላስቲክ የዚያ ሥራ በጣም ትንሽ ቅርንጫፍ ነው፤ ሽልማት ግን አይጠብቁ።

በመጨረሻ አንድ ሰው መጥቶ «ኪሎው ስንት አስወጣዎት?» ይላል። ይህ ሰው በየመንደሩ አለ። ፕላስቲኩን፣ ቀርከሃውን፣ ጀሪካኑን፣ ቀለሙን፣ ሙዙንና ምድጃው አጠገብ የተነሣውን ጭቅጭቅ ደምረው፣ ለተገኘው ጥቂት ፍሬ ለማካፈል ብዕር እንዳያነሡ። ይልቁንም ቁጭ አድርገው ቡና ያጠጡት፤ ሲነሣ አሥር ፍሬ ዘር በወረቀት ጠቅልለው በኪሱ ያስገቡለት። አንድ ቤት ብቻ ያለ ዘር በአንድ መጥፎ ሌሊት ያልቃል፤ ሁለት ቤት ያለ ግን ውርጭ ከአንዱ ሲገባ ከሌላው ይተርፋል። በሚመጣው ታኅሣሥ ያ ሰው ማታ ፕላስቲክ ሊያለብስ፣ ጧት ሊገልጥ፣ ረፋድ ላይ አበባ ሊነቀንቅ መከራውን ያያል። የእርስዎ ቲማቲም ድንገት ቢያልቅ ዘር የት ሄደው እንደሚለምኑ ያውቃሉ፤ እሱም ስለ ኪሎ ዋጋ ዳግመኛ አያነሣብዎትም።